ከትናንት በፊት ዛሬን ጠይቁ፦ ከተፈናቀሉና ከተሰደዱ አፍላ ወጣቶች ጋር ለምትሠሩ

ከተፈናቀለ ወይም ከተሰደደ አፍላ ወጣት ጋር ለመጀመሪያ ጊዜ የሚቀመጥ ሰው አፉ ላይ የሚመጣበት ጥያቄ «ምን ደረሰብህ?» የሚል ነው። ጥያቄው ከደግነት ይመነጫል፤ ለልጁ ግን ተጨማሪ ሸክም ነው። ያንን ታሪክ ለመዝጋቢው ተናግሯል፣ ለጥበቃ ሠራተኛው ተናግሯል፣ ለሐኪሙ ተናግሯል፣ አንዳንዴም ካሜራ ይዞ ለመጣ እንግዳ ተናግሯል። በተናገረ ቁጥር ቁስሉ ተነክቷል፤ የሚተኛበት ቦታ፣ የተቋረጠው ትምህርቱ፣ የጠፋው ወንድሙ ጉዳይ ግን እንዳለ ነው። በዚህ ጥያቄ የጀመረ ሰው ልቡ የቱንም ያህል ቅን ቢሆን፣ በልጁ ዓይን ፎርም የሚሞላ ሌላ ሰው ነው።

እዚህ የምናሰፍረው በዚህ ሥራ ላይ ያለን ሰዎች በየዕለቱ የምንሠራበትን ነው። ለመምህራን፣ ለበጎ ፈቃደኞች፣ ለጤና ሠራተኞች፣ ልጅ ተቀብለው ለሚያሳድጉ ቤተሰቦችና ለወላጆች ይሆናል። አፍላ ወጣት ስንል የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከ10 እስከ 19 ዓመት ያለውን ነው። የ11 ዓመት ልጅና የ18 ዓመት ጎረምሳ አንድ ዓይነት ዕርዳታ እንደማይፈልጉ ግን ከወዲሁ ይያዝልን።

የዛሬው ኑሮ

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው፣ ባለፉት 10 ዓመታት ግጭት ባየ አካባቢ ከሚኖሩ ሰዎች 22 በመቶ የሚሆኑት የአእምሮ ሕመም አለባቸው፤ ከእነዚህም የሚበዙት ሕመማቸው ቀላል ነው። ከ5 ሰው አንዱ ማለት ብዙ ነው፣ ቸል አይባልም። የቀሩት አራቱ ግን ያዝናሉ፣ ይበሳጫሉ፣ እንቅልፍ ያጣሉ እንጂ ሕሙማን አይደሉም። ተፈናቃይ ልጅን ሁሉ «ትራውማ (ካለፈ አሰቃቂ ነገር የቀረ የአእምሮ ቁስል) አለበት» ብሎ መፈረጅ ጉዳት አለው። ልጁ ራሱን እንደ ተሰበረ ዕቃ ማየት ይጀምራል፣ መምህሩም ከእሱ ብዙ መጠበቅ ያቆማል።

ኬኔት ሚለርና አንድሩ ራስሙሰን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2010 ያነሡት ነጥብ እዚህ ላይ ይጠቅማል። ከጦርነት የወጣ ሰው የሚሠቃየው ባየው ነገር ብቻ አይደለም፤ ከዚያ በኋላ የሚኖረው የዕለት ተዕለት ኑሮም ያሠቃየዋል። መጨናነቁ፣ ችጋሩ፣ ሰልፉ፣ የቤተሰብ ጠብ፣ ነገ ምን እንደሚሆን አለማወቁ በየቀኑ ይጫነዋል። ያለፈውን መመለስ አንችልም፤ ከዛሬው ኑሮ ግን የምናስተካክለው አለ።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። የመጸዳጃ ቤቱ በር ከውስጥ አይቆለፍም፣ መንገዱም መብራት የለውም። የ14 ዓመት ልጅ ማታ መውጣት ስለምትፈራ ከቀትር በኋላ ውሃ አትጠጣም። ውሃ ስታጣ ራሷን ያማታል፤ ሽንቷን ይዛ ስለምታድር እንቅልፏ ይቆራረጣል፤ በማግስቱ ክፍል ውስጥ ታንቀላፋለች ወይም በትንሽ ነገር ትቆጣለች። መምህሯ «የጦርነቱ ጠባሳ ነው» ትላለች። መድኃኒቱ ግን መቀርቀሪያና አምፖል ነው። የሥነ ልቦና ባለሙያ ከመጥራታችን በፊት እንዲህ ያለውን አጣርተን እንጨርስ።

የሰብዓዊ ዕርዳታ ድርጅቶች የጋራ ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2007 ያወጣው መመሪያ ይህንኑ አራት ደረጃ ባለው ፒራሚድ ያስቀምጠዋል። ከታች ደኅንነትና መሠረታዊ አገልግሎት፣ ያውም የሰውን ክብር በጠበቀ አኳኋን፤ ከእሱ በላይ የቤተሰብና የማኅበረሰብ ድጋፍ፤ በሦስተኛው ሥልጠና ወስዶ ግን ስፔሻሊስት ያልሆነ ሰው የሚሰጠው ዕርዳታ፤ ጫፉ ላይ የሥነ አእምሮ ሐኪምና የሥነ ልቦና ባለሙያ። በተግባር የሚደጋገመው ስህተት ከጫፉ መጀመር ነው። የምክር አገልግሎት ድንኳን ይተከላል፤ አጠገቡ ያለው መጸዳጃ ቤት በር የለውም።

መጀመሪያ ስትገናኙ

ቦታው ከሩቅ የሚታይ፣ የምትነጋገሩት ግን የማይሰማበት ይሁን። የተዘጋ በር ብዙዎቹን ያስፈራቸዋል። ፊት ለፊት ከመቀመጥ ጎን ለጎን መቀመጥ ወይም እየተራመዱ ማውራት ይሻላል፤ ጎረምሳ ዓይን ዓይኑን ሲያዩት ምርመራ ላይ ያለ ይመስለዋል። እጁ የሚሠራው ነገር ይኑረው፦ የሚነፋ ኳስ፣ የሚታጠፍ ወረቀት፣ እርሳስ። ለመጀመሪያ ቀን ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይበቃል። መጀመሪያ ቀን ሰዓታት የፈጀ ወሬ ብዙ ጊዜ ሁለተኛ ቀን የለውም፤ ልጁ ካሰበው በላይ ተናግሮ ያፍርና ይሸሻል።

ምስጢር እስከ የት ድረስ እንደምትጠብቁ አስቀድማችሁ ተናገሩ። ሲናገሩት እንዲህ ነው፦ «የምትነግሪኝን ለሌላ አላወራም። ሦስት ነገር ሲመጣ ግን ብቻዬን አልይዘውም፦ ራስሽን ለመጉዳት ካሰብሽ፣ አንቺን የሚጎዳሽ ሰው ካለ፣ ወይም ሌላ ሰው ሊጎዳ ከሆነ። ያኔም ለማን እንደምናገር መጀመሪያ ለአንቺ እነግርሻለሁ።» ይህን ሳይናገሩ ቆይተው፣ ልጅቷ ከተናገረች በኋላ «ይህንን ማሳወቅ አለብኝ» ማለት በእሷ ዘንድ ክህደት ነው። ከዚያ በኋላ ማንንም አታምንም።

ቀጥሎ ትናንትን ጠይቁ፤ የጦርነቱን ትናንት ሳይሆን ከዛሬ በፊት የዋለውን ቀን። «ትናንት ስንት ሰዓት ነቃህ? ማን ቀሰቀሰህ? ከማን ጋር በላህ? ከዚያስ የት ሄድክ? መቼ ተኛህ?» ከንቃት እስከ እንቅልፍ ቀኑን በሙሉ አብራችሁ ሂዱበት። በ10 ደቂቃ ውስጥ ስለ ልጁ ጤና ብዙ ታውቃላችሁ። በቀኑ ውስጥ ስሙን የጠራው ሰው ነበር ወይ? ብቻውን ነው የሚበላው? ታናናሾቹን የሚያጥበው እሱ ነው? ከቀትር እስከ ማታ ምንም የሌለበት ባዶ ሰዓት አለ? ዕርዳታው የሚተከለው በዚያ ባዶ ሰዓት ላይ ነው። ጠይቃችሁ ዝም ካለ ቶሎ አትሙሉት፤ በልባችሁ ቀስ ብላችሁ እስከ 10 ቁጠሩ።

አስተርጓሚ ካስፈለገ ወንድም፣ እህት፣ ጎረቤት ወይም ሌላ ልጅ አይሁን። ከአስተርጓሚው ጋር አስቀድማችሁ 10 ደቂቃ ተቀመጡ፤ ልጁ «እኔ» ሲል «እኔ» ብሎ እንዲያስተላልፍ፣ ምክር እንዳይጨምር፣ የሚያሳፍር መስሎት የሚዘለው ነገር እንዳይኖር ተስማሙ። አስተርጓሚው ከየትኛው ወገን እንደሆነ ለልጁ ትልቅ ጉዳይ ሊሆን ይችላል፤ «በዚህ ሰው በኩል ብንነጋገር ይመችሃል?» የሚለውን አስተርጓሚው በሌለበት መጠየቂያ መንገድ ፈልጉ። ብዙ አስተርጓሚዎች ራሳቸው ተፈናቃይ ናቸው። የሰሙት ነገር የራሳቸውን ይቀሰቅስባቸዋልና ከጨረሳችሁ በኋላ ሳታናግሩ አትሸኟቸው።

ልጁ ሳትጠይቁት ታሪኩን ከጀመረ አታቋርጡት፤ ግን አትቆፍሩ። «ከዚያስ? ስንት ነበሩ? ምን ለብሰው ነበር?» የመርማሪ ጥያቄ ነው። «ይህንን ሁሉ ይዘህ እዚህ ደርሰሃል፤ አሁን ሰውነትህ ውስጥ ምን ይሰማሃል?» ማለት ይሻላል። ከመለያየታችሁ በፊት ወደ ዛሬ መልሱት፦ የተቀመጠበትን ቦታ፣ የሚሰማውን ድምፅ ይንገራችሁ፤ ቀጣዩን አንድ ሰዓት የት እንደሚያሳልፍ ጠይቁ። የዓለም ጤና ድርጅት፣ አደጋ የደረሰበትን ሰው በአንድ ቁጭታ ሁሉንም እንዲዘረግፍ ማድረግን እንደ ሕክምና አይመክርም። በምትኩ የሚሰጠው የሥነ ልቦና የመጀመሪያ ዕርዳታ ሦስት ተግባር ብቻ አለው፦ ማየት፣ ማዳመጥ፣ ማገናኘት። ሦስተኛው ብዙ ጊዜ ይረሳል። ማገናኘት ማለት ስልክ ቁጥር ጽፎ መስጠት ሳይሆን አብሮ ሄዶ ከሰውየው ጋር ማስተዋወቅ ነው።

የሚታየውና የሚያሳስተው

አዋቂ ሲያዝን ያለቅሳል ብለን እንጠብቃለን። በዚህ ዕድሜ ግን ሐዘን ብዙ ጊዜ ቁጣ መስሎ ይመጣል። በሆድ ቁርጠትና በራስ ምታት፣ ቀኑን ሙሉ በመተኛት፣ «ምን አገባኝ» በማለት፣ አደጋ ላይ ዘሎ በመግባትም ይመጣል። የ12 ዓመት ልጅ አልጋው ላይ መሽናት ቢጀምር ስንፍና አይደለም፤ መቅጣት ያባብሰዋል። ወንዱን በጠበኛነቱ ስለምናየው ቶሎ እንደርስበታለን፤ ቤት ውስጥ ታናናሾቿን የምታሳድገው፣ የማታስቸግረው፣ «ጎበዝ» የምትባለው ልጅ ግን ታመልጠናለች። እሷን ሆን ብላችሁ ፈልጓት።

መለኪያችን ሁለት ነው፦ ምን ያህል ቆየ? ከምን አስቀረው? ከሁለት ሳምንት በላይ የቆየና ከትምህርት፣ ከጓደኛ፣ ከመብላት ወይም ከመታጠብ ያስቀረ ለውጥ ክትትል ይፈልጋል። አደጋው በደረሰ በመጀመሪያው ወር ውስጥ መባነን፣ ቅዠትና መደንገጥ ብዙ ሰው ላይ ይታያል፣ በብዙዎችም ላይ እየቀለለ ይሄዳል። ድኅረ አደጋ ሰቀቀን የሚባለው ሕመም ስም የሚሰጠው ምልክቶቹ ከአንድ ወር በላይ ከቆዩ ነው።

ስም ከመስጠታችሁ በፊት ሰውነቱን አስመርምሩ። ፍንዳታ አጠገብ የነበረ ልጅ ጆሮው ተጎድቶ ሊሆን ይችላል፤ ክፍል ውስጥ «አይከታተልም፣ ሲጠሩት አይመልስም» ይባላል። ከኋላው ሆናችሁ በቀስታ ስሙን ጥሩት። ጭንቅላቱን ተመትቶ የነበረ ልጅ ይረሳል፣ ቶሎ ይቆጣል፣ ብርሃን ያስቸግረዋል፤ «ተመትተህ ራስህን ስተህ ታውቃለህ?» ብላችሁ ጠይቁ። መነጽሩን በሽሽት ላይ የጣለ ልጅም አለ። ለብዙ ወራት «ፈዛዛ» ሲባል ይኖራል፤ ሰሌዳው ግን አይታየውም።

እንቅልፍ

አንድ ነገር ብቻ ማስተካከል ብትችሉ እንቅልፍን አስተካክሉ። ከ13 እስከ 18 ዓመት ያለ ልጅ በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት እንቅልፍ ያስፈልገዋል። ያን ያጣ ልጅ ይነጫነጫል፣ ይረሳል፣ ተስፋ ይቆርጣል፤ ያኔ የቱ የሐዘን፣ የቱ የእንቅልፍ እጦት እንደሆነ መለየት አይቻልም። እንቅልፍ የሚያጡበት ምክንያት ደግሞ ለየቅል ነው። አንዱ አደጋው የመጣው በሌሊት ስለነበር ሊነጋ ሲል ብቻ ይተኛል። ሌላዋ ስድስት ሰው በሚተኛበት ክፍል የበሩ ጥግ ደርሷታል። ሌላው በሌላ አገር ካለ ዘመዱ ጋር በስልክ የሚገናኝበት ሰዓት እኩለ ሌሊት ነው። ምክንያቱን ሳትጠይቁ «ስልክህን አስቀምጥ» ማለት ከቤተሰቡ ጋር ያለውን የመጨረሻ ክር መበጠስ ሊሆን ይችላል፤ የሚሻለው የሚደዋወሉበትን ሰዓት ወደ ፊት ማምጣት ነው።

የመኝታ ሰዓትን ሳይሆን የመንቂያ ሰዓትን መጀመሪያ አጽኑ። ተኛ ቢሉት የማይተኛ ልጅ፣ የሚሄድበት ካለው ግን ይነሣል፤ ስለዚህ ጠዋት የሚፈልገው ሰው ወይም ሥራ ይኑር። ቀን 5 ሰዓት የሚነቃውን በአንዴ ወደ ጠዋቱ 12 ሰዓት አትጎትቱት። በየሁለትና ሦስት ቀኑ ከ15 እስከ 30 ደቂቃ እየቀነሳችሁ ሂዱ። እንደነቃ ወደ ብርሃን ይውጣ። የቀን እንቅልፍ ከ30 ደቂቃ አይብለጥ፣ ከቀኑ 9 ሰዓት በኋላም አይሁን። ከመሸ በኋላ የሚመጣውን ሐሳብ ለመቀነስ ከቀትር በኋላ 15 ደቂቃ የጭንቀት ሰዓት ይሰጠው፤ የሚያስጨንቀውን ይጽፋል ወይም ይስላል፣ ነገ የሚሠራበትን ይመርጣል፣ ወረቀቱን አጥፎ ያስቀምጣል። ማታ ሐሳቡ ሲመጣ «ሰዓት አለህ፣ ነገ» ይለዋል።

ቅዠት ለሚደጋገምበት ልጅ የሚሠራ ዘዴ አለ። በቀን ብርሃን ቅዠቱን በጥቂት መስመር ይስላል ወይም ይናገራል፤ ከዚያ አንዱን ነገር እንደፈለገ ይለውጣል፦ መጨረሻውን፣ ቦታውን፣ አብሮት ያለውን ሰው። ለውጡ እውነት መምሰል የለበትም። አዲሱን ሕልም በየቀኑ ከ10 እስከ 20 ደቂቃ በዓይነ ኅሊናው ይደጋግማል። የሚበላሸው በከባዱ ቅዠት ሲጀመር ነው፤ ከቀላሉ ጀምሩ። ልጁ ከባሰበት አቁሙና ወደ ባለሙያ ውሰዱት። ሌሊት ሲባንን ደግሞ አትነቅንቁት፤ ስሙን ጥሩ፣ ያለበትን ቦታ ንገሩት፣ እግሩ ወለሉን ይንካ፣ መብራት ይብራ።

ዳያዜፓምንና የመሳሰሉትን ማስታገሻዎች ለማስተኛት ብሎ መስጠትን የዓለም ጤና ድርጅት በግልጽ ይቃወማል፣ በተለይ ለልጆችና ለአፍላ ወጣቶች። ሱስ ያስይዛሉ። ከጎረቤት የሚመጣ «አንድ ፍሬ ብቻ» የሚባለውም ያው ነው።

ሰውነትን ማረጋጋት

የትንፋሽ ልምምድ ቀላል ነው፤ በአፍንጫ እስከ 4 እየቆጠሩ ማስገባት፣ በአፍ እስከ 6 እየቆጠሩ ቀስ ብሎ ማስወጣት፣ 5 ደቂቃ፣ በቀን ሁለት ጊዜ። ብዙ ጊዜ የማይሠራው ልጁ ሲደነግጥ ብቻ ስለሚሰጠው ነው። መዋኘትን ጎርፍ ላይ አይማሩትም፤ በሰላሙ ሰዓት ሁለት ሳምንት ይለማመደው። ዓይን መጨፈን ግዴታ አይደለም፤ አንዳንዱ ሲጨፍን ያንኑ ያያል። ሊሰጥም የነበረ፣ በጭስ የታፈነ ወይም አፉን የታፈነ ልጅ ደግሞ ትንፋሹን ማዳመጡ ራሱ ያስደነግጠዋል። ለእሱ እግሩን መሬት ላይ መጫን፣ ቀዝቃዛ ውሃ በእጁ መያዝ፣ ወይም የሚያያቸውን 5 ነገሮች፣ የሚነካቸውን 4፣ የሚሰማቸውን 3፣ የሚያሸታቸውን 2፣ የሚቀምሰውን 1 መቁጠር ይሻላል።

የት እንደደረሰ ያልታወቀ ሰው

የሞተ ሰው ይለቀስለታል፣ ይቀበራል፣ ሰው ይሰበሰባል። የጠፋ ሰው ግን እንኳን ሊቀበር፣ ስሙ ሲጠራ «ነበር» ይባል «ነው» ይባል አይታወቅም። ፖሊን ቦስ የተባለች አሜሪካዊት ምሁር ይህንን መቋጫ የሌለው ማጣት በስም ጠርታ ለይታዋለች። ከልጆቹ ጋር ስንሠራ ከሁሉ የሚከብደን ይኸው ነው። ልጁ መሳቅ ይፈራል፣ መብላት ያሳፍረዋል፤ መርሳት ክህደት ይመስለዋል።

«በሕይወት አለ፣ ይመጣል» አትበሉ፤ አታውቁም። «ተቀበል፣ ሞቷል»ም አትበሉ፤ ያንንም አታውቁም። «አንዳንድ ቀን ይመጣል ብለህ ታስባለህ፣ አንዳንድ ቀን ሞቷል ብለህ ታስባለህ፤ ሁለቱንም ማሰብህ ጤነኛ ያልሆንክ አያስብልህም» በሉት። በሳምንት አንድ ጊዜ ስለዚያ ሰው የሚወራበት ጊዜ ይኑር፤ በቀሩት ቀናት ልጁ ልጅ ይሁን።

የቀይ መስቀልና የቀይ ጨረቃ ማኅበራት የጠፋ ቤተሰብን ያፈላልጋሉ፤ ገንዘብ አይጠየቅበትም። ይህን ለልጁ ደጋግማችሁ ንገሩት፣ ምክንያቱም «ወንድምህን አይቼዋለሁ፣ ገንዘብ ላክ» የሚሉ አታላዮች የሚያጠምዱት እንዲህ ያለውን ልጅ ነው። የጠፋ ሰው ፎቶና ስም በማኅበራዊ ሚዲያ መለጠፍም ለአታላዮቹ መንገድ ይከፍታል፤ አንዳንዴም የጠፋውን ሰው ራሱን አደጋ ላይ ይጥላል። ጥያቄ ስታስገቡ፣ መልስ ቢመጣ ማን አጠገቡ እንዲሆን እንደሚፈልግ በዚያው ቀን ይምረጥ። መጥፎ ዜና በስልክ፣ በፈተና ዋዜማ ወይም ማንም በማይኖርበት ምሽት አይነገርም።

ቡድን

የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ እ.ኤ.አ. በ2023 ያወጡት «ኢዝ» የተባለ ፕሮግራም ጭንቀትና ድባቴ ለሚታይባቸው ከ10 እስከ 15 ዓመት ላሉ ልጆች ተብሎ የተዘጋጀ ነው። ለልጆቹ 7፣ ለአሳዳጊዎቻቸው 3 የቡድን ክፍለ ጊዜ አለው፤ ስፔሻሊስት ያልሆነ ነገር ግን ሠልጥኖ ክትትል የሚደረግለት ሰው ይመራዋል። ስሜትን መለየት፣ ሰውነትን ማረጋጋት፣ የተዉትን ነገር በትንሽ በትንሹ መልሶ መጀመርና ችግርን ደረጃ በደረጃ መፍታት ያስተምራል። ሥልጠናውን ካገኛችሁ ተጠቀሙበት።

የእናንተ ቡድን የትኛውም ይሁን፣ የሚያፈርሱት ነገሮች ያው ናቸው። ሰዓቱ ከዕርዳታ ማከፋፈያ ወይም ከውሃ መቅጃ ሰዓት ጋር ከተጋጨ ማንም አይመጣም፤ ሰዓቱን ልጆቹ ይምረጡ። ልጃገረዶች ታናናሾቻቸውን የሚተዉበት ጥግ ካልተዘጋጀላቸው ይቀራሉ፣ እኛም «ፍላጎት የላቸውም» እንላለን። ከ10 በላይ ልጅና አንድ መሪ ከሆነ ሰላም አስከባሪነት እንጂ ዕርዳታ አይሆንም፤ ሁለት መሪ ይኑር። የ10 ዓመቱና የ17 ዓመቱ አንድ ላይ አይቀመጡ። ቡድኑ «የአእምሮ ችግር ያለባቸው» በሚያሰኝ ስም አይጠራ። የደረሰባቸውን ክፉ ነገር በቡድን ፊት አያውሩ፤ አንዱ ሲያወራ አምስቱ ያንኑ ሌሊት አይተኙም። ልጅ ሁለት ጊዜ ከቀረ ቤቱ ድረስ ሂዱ፣ ጎረቤት ፊት ግን ምክንያቱን አታንሡ።

ጎረምሶች ደግሞ መጫወቻ በተደረደረበት የሕፃናት ማዕከል አይመጡም። ኃላፊነት ስጧቸው፦ የመጋዘኑን ቁልፍ የሚይዝ፣ ስም የሚመዘግብ፣ ለታናናሾች ንባብ የሚያስተምር። ሲፈናቀል ብዙ ነገር የተደረገበት እንጂ እሱ ያደረገው ነገር ያነሰበት ልጅ፣ በ9 ሰዓት የሚጠበቅበት ቦታ ሲኖረው ይቃናል። እግር ኳስ ይሠራል፣ ቡድኖቹ በመጡበት ወገን እስካልተከፋፈሉ ድረስ።

ለወላጆች አንድ ነገር ብቻ እንበል፤ ልጃችሁን የቤተሰቡ አስተርጓሚ አታድርጉት። ቋንቋ ቶሎ የሚለምደው እሱ ስለሆነ በየቢሮው ይወስዱታል፤ የእናቱን ሕመምና የጥገኝነት ማመልከቻውን ውድቅ መሆን መጀመሪያ የሚሰማው እሱ ይሆናል። ስለ ጉዳያችሁ እውነቱን በዕድሜው ልክ እናንተ ንገሩት። ካልተነገረው ከዚያ የከፋ ነገር ያስባል።

ራስን ስለማጥፋት መጠየቅ

መጠየቅ ሐሳቡን አይተክልም። የፈራችሁት ነገር ካለ በቀጥታ ጠይቁ፦ «አንዳንድ ሰው እንዲህ ሲከብደው መሞትን ይመኛል። አንተስ ራስህን ለማጥፋት አስበህ ታውቃለህ?» «መጥፎ ነገር አታስብም አይደል?» ብሎ መጠየቅ «አላስብም» የሚል መልስ መለመን ነው። አዎ ካለ አትደንግጡ፣ አትስበኩ፣ «ለእናትህ ብለህ» አትበሉት። ቀጥሉ፦ በምን? መቼ? ያሰብከው ነገር አጠገብህ አለ? ከዚህ በፊት ሞክረህ ታውቃለህ?

ሐሳቡ፣ መንገዱና ጊዜው ካለው ያን ቀን ብቻውን አይተውም፣ ደቂቃ እንኳ። የተባይ ማጥፊያ፣ መድኃኒት፣ ስለት ከቤቱ ይውጣ ወይም ይቆለፍ። ይህ ቀላል ይመስላል፤ ግን ሕይወት ያተርፋል፣ ምክንያቱም የከፋው ስሜት ብዙ ጊዜ የሰዓታት ነው። ምስጢሩ እዚህ ላይ ያበቃል፦ ለማን እንደምትናገሩ ነግራችሁት፣ አብራችሁ ወደ ጤና ተቋም ሂዱ። «ራሴን አላጠፋም» ብሎ ማስፈረም አይጠብቀውም፤ ሠራተኛውን ያረጋጋል እንጂ። ከሆስፒታል የወጣበት የመጀመሪያ ሳምንት አደገኛ ነው፤ ሰው የሚዘናጋው ግን ያኔ ነው። በዚያ ሳምንት ልጁ ጋ የሚደውልና የሚመጣ ሰው በስም ይወሰን።

ማንም የማይሰማውን ድምፅ የሚሰማ፣ መብላት ያቆመ፣ እየጣለው የሚንቀጠቀጥ፣ ራሱን የሚቆርጥ ልጅ ከእናንተ አቅም በላይ ነውና ወደ ባለሙያ ይሂድ። የተደፈረች ወይም የተደፈረ ልጅ ዝርዝር አይጠየቅም። ቅድሚያ የሚሰጠው ሰዓቱ ነው፤ ኤችአይቪን የሚከላከለው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ፣ ድንገተኛ የእርግዝና መከላከያው በ120 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፣ በቶሎ በሆነ ቁጥር ይሻላል። ቀኑ ቢያልፍም ሕክምና ስላለ «ዘግይተሻል» ተብላ አትመለስ።

18 ሲሞላና እናንተ ስትሄዱ

ብቻውን የተሰደደ ልጅ 18 ዓመት ሲሞላው በአንድ ሌሊት ብዙ ያጣል፦ የሕፃናት ጥበቃውን፣ አንዳንዴም የሚኖርበትን ቤትና ጉዳዩን የሚከታተልለትን ሠራተኛ። የልደት ቀኑ ሲቃረብ የሚብስበት ልጅ ስታዩ ይህን አስቡ። ዝግጅቱ ቢያንስ ከስድስት ወር በፊት ይጀመር፦ የት ይኖራል፣ የትኞቹ ሰነዶች በእጁ አሉ፣ ማመልከቻው ምን ደረጃ ላይ ነው፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ቢከፋው ማን ጋ ይደውላል።

የእናንተም ኮንትራት ያልቃል። ሳይሰናበት የሄደ ሰው ለእነዚህ ልጆች አዲስ ነገር አይደለም፤ እናንተ ከነዚያ አንዱ አትሁኑ። ቢያንስ ከሦስትና አራት ሳምንት በፊት ቀኑን ንገሩ፣ በየሳምንቱም አስታውሱ። ልጁ ተቆጥቶ መምጣት ቢያቆም ሂዱና ተሰናበቱ። የማትጠብቁትን «እደውልልሃለሁ» አትበሉ። የሚተካችሁን ሰው በአካል አምጡ፣ ሦስታችሁ ቢያንስ አንድ ጊዜ ተቀመጡ። ፋይሉ ላይ የደረሰበትን ከመጻፍ ይልቅ እንቅልፉ ምን ላይ እንደደረሰ፣ ምን እንደሚያረጋጋው፣ ምን እንደማይወድ፣ ማንን እንደሚያምን ጻፉ። የጻፋችሁትን ለልጁ አንብቡለት፤ ይጨምር፣ ያውጣ። ከዚያ የመጋዘኑን ቁልፍ የሚይዘው እሱ መሆኑን ለአዲሱ ሠራተኛ መናገር አትርሱ።